አንድ ችግር፣ ብዙ ተመራቂዎች፦ የመመረቂያ ጥናትና የኢንዱስትሪው ጥያቄ

የስታቲስቲክስ ኮርስ የወሰደ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ተማሪ «የስቱደንት ቲ-ቴስት» የሚባለውን ስሌት ያውቀዋል። ብዙዎች በመረጃ ትንተና ምዕራፋቸው ውስጥ ይጠቀሙበታል፤ ስያሜው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የስሌቱ ባለቤት ዊልያም ሲሊ ጎሴት በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን ከተማ በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የተቀጠረ ባለሙያ ነበር። በፋብሪካው የገጠመው ጥያቄ በቀጥታ ከሥራው የመነጨ ነበር፤ ከጥቂት የገብስ ናሙናዎች ብቻ ተነሥቶ ስለ ጠቅላላው ምርት ጥራት ምን ያህል በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል? በዘመኑ የነበሩት ዘዴዎች ብዛት ላለው ናሙና የተዘጋጁ ስለ ነበሩ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልነበራቸውም። ፋብሪካው ጎሴትን እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ለንደን ላከው፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንም በካርል ፒርሰን ቤተ ሙከራ ተቀምጦ ችግሩን መረመረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ታተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በገዛ ስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ ጸሐፊው «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ»፣ የሚል የብዕር ስም ተጠቀመ።

ይህ ታሪክ ስለ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር በሚነሣው ክርክር ውስጥ ሊታወስ የሚገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከፋብሪካ የመጣ ጥያቄ ለሳይንስ ዝቅ ያለ ጥያቄ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሳል። ሁለተኛ፣ ጥያቄው መልስ ያገኘው ባለጉዳዩ ለዓመታት ከችግሩ ጋር ስለ ኖረ ነው። ጎሴት ወደ ለንደን ያቀናው ርእሱን ይዞ ነበር፤ ሲመለስም ውጤቱን የሚረከብ ፋብሪካ ይጠብቀው ነበር። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሚቀርቡት የመመረቂያ ፕሮጀክቶችና የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በአብዛኛው የሚጎድላቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ከሥራ ቦታ የመነጨ ጥያቄና ውጤቱን የሚረከብ እጅ።

ርእስ የሚገኝበት መንገድ

የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011 ምርምርን ከአገሪቱ የቅድሚያ ፍላጎቶች ጋር ያያይዛል። ዩኒቨርሲቲዎችም የኢንዱስትሪ ትስስር ጽሕፈት ቤቶች አሏቸው፤ የመግባቢያ ሰነዶች ይፈረማሉ፤ የምህንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ መንፈቅ ገደማ በሥራ ቦታ ይለማመዳሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ መዋቅሩ የተሟላ ነው። ክፍተቱ የሚታየው ተማሪው ርእስ ሲመርጥ ነው።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ርእስ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው መንፈቁ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ለማሰብ ያለው ጊዜ የሳምንታት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ የዓመቱ ጊዜ ይበልጥ ጠብቧል። ስለዚህ ተማሪው በቅርብ ወዳገኘው ምንጭ ይሄዳል። ያለፉትን ዓመታት ርእሶች ያገላብጣል፣ ከውጭ መጽሔቶች የሚወደውን ይመርጣል፣ የቦታውን ስም ለውጦ ያቀርባል። የማስተርስ ተማሪም ሁኔታው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልቃል፤ በሁለተኛው ዓመት የጥናት ዕቅድ ማጽደቅ፣ የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ፣ ናሙና መሰብሰብ፣ መተንተን፣ መጻፍና መከላከል ተከታትለው ይመጣሉ። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዞ የፋብሪካ በር ላይ የቆመ ተማሪ የሚጠይቀው መረጃ ነው፤ ፋብሪካው ምን እንደ ቸገረው ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ባለፈው ዓመት መረጃ ወስዶ ተመልሶ ያልመጣውን ተማሪ ያስታውሳል።

በልምምድ ጊዜ የሚገኘው ዕውቀት ደግሞ ሌላ ዕጣ ይገጥመዋል። ተማሪው አንድ መንፈቅ በፋብሪካ ውሎ የትኛው ማሽን ዘወትር እንደሚቆም፣ የትኛው ጥሬ ዕቃ እንደሚባክን በዓይኑ ያያል። የልምምድ ሪፖርቱ ግን ነጥብ ከተሰጠው በኋላ በመዝገብ ቤት ይቀራል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚሠራው ፕሮጀክት ከዚያ ሪፖርት ጋር ብዙም አይገናኝም። ችግሩን ያየው ሰውና ችግሩን እንዲፈታ የሚጠየቀው ሰው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተው ይኖራሉ።

የሞጆ ፍሳሽና የቤተ ሙከራው ብርጭቆ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች የተሰባሰቡባት ከተማ ናት። ቆዳን በክሮም ማልፋት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከቀረበለት ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ሲሆን ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ለፋብሪካው ይህ ድርብ ኪሳራ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል ይባክናል፣ ፍሳሹን የማከም ወጪም ይጨምራል። ከታች ለሚኖረው ገበሬና ለከብቱ ደግሞ የውኃ ጉዳይ ነው።

በዚህ ርእስ ላይ በኬሚስትሪ፣ በኬሚካል ምህንድስናና በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በርካታ የመመረቂያ ጥናቶች ተሠርተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚከተሉት ንድፍ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው የቡና ገለፈት፣ የሙዝ ልጣጭ ወይም ሌላ የእርሻ ተረፈ ምርት ያደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያም ክሮሚየም ባለበት ውኃ ውስጥ ጨምሮ ብረቱን ምን ያህል ይዞ እንደሚያስቀር ይለካል። ውኃው ግን ከፋብሪካው ቦይ የመጣ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በተጣራ ውኃ ውስጥ ተሟሙቶ የተዘጋጀ ነው። ዳይክሮሜት የሚሰጠው ክሮሚየም ስድስት ሲሆን ከማልፊያው በርሜል የሚወጣው በአብዛኛው ክሮሚየም ሦስት ነው። ሁለቱ በውኃ ውስጥ ያላቸው ጠባይ የተለያየ ነው። በቤተ ሙከራው የተዘጋጀው ውኃ በሊትር በአሥሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ክሮም ሲይዝ፣ ከማልፊያው የሚወጣው ፍሳሽ በሺዎች ይቆጠራል፤ በዚያ ላይ ጨው፣ ስብና ፕሮቲን አለበት። ስለዚህ «ከ90 በመቶ በላይ አስወግዷል» የሚለው መደምደሚያ ለብርጭቆው እውነት ቢሆንም ለፋብሪካው የሚነግረው ጥቂት ነው።

የፋብሪካው ጥያቄ በሌላ ቋንቋ የሚነገር ነው። የክሮሙን ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ ለመሰብሰብ ቦዮቹ እንዴት ይስተካከሉ? ክሮሙን በማግኒዚየም ኦክሳይድ አዝቅጦ በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ በማሟሟት እንደገና መጠቀም በሌሎች አገሮች የታወቀ አሠራር ነው፤ እዚህ ምን ያህል ያስወጣል፣ ምን ያህልስ ያድናል? በዚህ መንገድ በተመለሰው ክሮም የለፋ ቆዳ ገዢው የሚፈልገውን ጥራት ያሟላል? የሚተርፈው ዝቃጭ የት ይጣላል? አንዱ ጥያቄ የሲቪል ምህንድስና፣ ሌላው የኬሚካል ምህንድስና፣ ሦስተኛው የቆዳ ቴክኖሎጂ፣ አራተኛው የኢኮኖሚክስና የአካባቢ ሕግ ነው። በአንድ መንፈቅ በአንድ ተማሪ የሚያልቅ አንድም የለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ተማሪዎች እየተቀባበሉ ቢሠሩት ግን ከአቅም በላይ የሚሆን አይደለም።

እዚህ ላይ ተማሪውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከቦዩ ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለማግኘት መተማመን ያስፈልጋል፤ መተማመን ደግሞ ከአንድ ተማሪ የቆይታ ዘመን በላይ ይጠይቃል። ተማሪው ዳይክሮሜቱን የሚመርጠው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በተሰጠው ጊዜ በእጁ ሊያገኘው የሚችለው እርሱን ብቻ ስለ ሆነ ነው። ለዓመታት በአንድ ቦታ የሚቆየው፣ ደብዳቤውን የሚጽፈውና ግንኙነቱን ሊያዘልቅ የሚችለው የትምህርት ክፍሉ ነው።

ኢንዱስትሪ ማለት ፋብሪካ ብቻ ነውን?

«ኢንዱስትሪ» ሲባል በአእምሮ የሚመጣው ጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ ፋብሪካ ነው። ከካምፓሱ በር ማዶ የሚሠራው ትንሽ ወርክሾፕ ግን ከትልቁ ፋብሪካ ይልቅ ለተማሪ ቅርብ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥሩ አብነት ይሆናል። ምጣዱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በከተማ ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ኃይል በመጠቀም ከሚቀድሙት አንዱ ነው። የሸክላውን ውፍረት ለመቀነስ፣ ከሥር የሚሸሸውን ሙቀት ለማገድና የማሞቂያ ሽቦውን አደራደር ለማሻሻል በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ደጋግመው ሞክረዋል።

ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የሚያተኩሩት በኃይል ቁጠባ ስሌት ላይ ነው። ምጣድ ሠሪው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው። የሳሳው ሸክላ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ይሰነጠቃል? ሽቦው ሲቃጠል በሰፈር ጥገና ቤት ሊተካ ይችላል? ዋጋው በምን ያህል ይጨምራል? ጋጋሪዋ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ የእንጀራውን ዓይን ታያለች፤ ዓይኑ ካልወጣ የተቆጠበው ኃይል ለእርሷ ትርጉም የለውም። እነዚህ ጥያቄዎች ከሙቀት ሽግግር ቀመር ያነሰ ሳይንስ የላቸውም። የሸክላ አፈር ባሕርይ፣ የመሰንጠቅ ሜካኒክስ፣ የገበያ ጥናት፣ የምግብ ሳይንስ ሁሉ ይነካካሉ። የሚያስፈልገው ያለፈው ተማሪ የሞከረውን ሁለተኛው እንዲያውቅና ከዚያ እንዲቀጥል ብቻ ነው። አሁን ባለው አሠራር ግን ሦስተኛውም አራተኛውም ተማሪ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይጀምራል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአዲስነት ጉዳይ ነው። የድኅረ ምረቃ ጥናት አዲስ ዕውቀት እንዲያበረክት ይጠበቃል፤ ከሌላ ተማሪ ተረክቦ የሚሠራ ሰው የራሱ አስተዋፅኦ እንዴት ይለያል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም አዲስነት የሚለካው በርእሱ ቃላት አይደለም። ከዚህ በፊት በተጣራ ውኃ የተሞከረን ዘዴ በእውነተኛ ፍሳሽ ላይ ፈትኖ ለምን እንደማይሠራ ያስረዳ ተማሪ፣ አንድ ሌላ ዓይነት ልጣጭ ከፈጨው ይልቅ ለዕውቀት የጨመረው ይበልጣል። ያልተሳካ ውጤትም በሥርዓት ከተመዘገበ ለተከታዩ ተማሪ የወራት ድካም ያስቀራል፤ ለፋብሪካውም ያልተገባ ወጪ ያድናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዩኒቨርሲቲው የፋብሪካ ተላላኪ እንዳይሆን የሚለው ስጋት ነው። ይህም ቀላል ስጋት አይደለም። የሒሳብ፣ የታሪክ፣ የቋንቋና የመሠረታዊ ሳይንስ ጥናቶች ሁሉ የኢንዱስትሪ ማኅተም እንዲያመጡ ቢገደዱ ጉዳቱ የአገር ነው፤ እንዲህ ያለ ግዴታ ሊጣል አይገባም። ክርክሩ የሚመለከተው ራሳቸውን «ለኢንዱስትሪ ጠቃሚ» ብለው የሚያቀርቡትን ጥናቶች ነው። መግቢያቸው ላይ የፋብሪካን ችግር ጠቅሰው መደምደሚያቸው ላይ ለፋብሪካው ምክር የሚሰጡ ጥናቶች፣ በመካከሉ ያለው ምዕራፍ ከፋብሪካው ጋር የተነጋገረ መሆኑን የማሳየት ኃላፊነት አለባቸው።

ሦስተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። ፋብሪካዎች የፍሳሻቸው መጠን፣ የብክነታቸው ልክ ወይም የምርት ቀመራቸው በመመረቂያ ጽሑፍ ታትሞ እንዲወጣ አይፈልጉም። ጎሴት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ የፋብሪካው ምስጢር ተጠብቆ ዘዴው ለዓለም ተርፏል። በመከላከያው ዕለት ምን በይፋ እንደሚቀርብ፣ ምን ተከልሎ እንደሚቆይና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ በጥናት ዕቅዱ ላይ አስቀድሞ መስማማት ይቻላል።

አራተኛው ተቃውሞ ኢንዱስትሪው ራሱ ፍላጎት የለውም የሚል ነው። የሌሎች አገሮች ልምድ በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለ። በአሜሪካ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ «ክሊኒክ» በሚል ስም የሚታወቅ መርሐ ግብር ያካሂዳል፤ ችግሩን የሚያመጣው ድርጅት ነው፣ ድርጅቱ ይከፍላል፣ ተማሪዎችም በቡድን ሆነው ለአንድ የትምህርት ዓመት ይሠሩበታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረውና በ2003 «የዕውቀት ሽግግር አጋርነት» በሚል የተተካው መርሐ ግብር ደግሞ ተመራቂውን በድርጅቱ ውስጥ አስቀምጦ በዩኒቨርሲቲው መምህር ያሳግዘዋል። ፕሮጀክቱ ከ12 እስከ 36 ወር ይወስዳል፤ ወጪውን መንግሥትና ድርጅቱ ይጋራሉ። በሁለቱም የሚታየው አንድ ነገር ነው። ድርጅቱ ጥያቄውን ራሱ ሲያቀርብና ከኪሱ የሆነ ነገር ሲያወጣ ውጤቱን ይከታተላል።

የኢትዮጵያ ፋብሪካ በጥሬ ገንዘብ ላይከፍል ይችላል። የሁለት ሰዓት የቴክኒሻን ጊዜ፣ በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን ናሙና፣ በጥገና ክፍል አንድ ወንበርና ጠረጴዛ ግን ሊሰጥ ይችላል። ይህን ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነ ድርጅት ችግሩ የምር አላስቸገረውም ማለት ነው፤ ያንንም በጊዜ ማወቅ ለተማሪው ይጠቅመዋል።

ዱላውን ማቀባበል

ከላይ የተነሡት ሐሳቦች ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። እስካሁን የመመረቂያ ጥናት የሚታቀደው በተማሪ ልክ ነው፤ ተማሪው ሲመረቅ ጥናቱም አብሮት ይመረቃል። ለኢንዱስትሪ ይጠቅማል የሚባለው ጥናት ግን ሊታቀድ የሚገባው በችግሩ ልክ ነው። ዱላ ቅብብል ላይ ሯጩ ቢለዋወጥም ዱላው ጉዞውን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ተማሪዎች ቢመረቁም ችግሩ ከነታሪኩ በትምህርት ክፍሉ እጅ መቆየት አለበት።

ይህን ለማድረግ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የችግር መዝገብ ነው። መዝገቡ በትስስር ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ እጅ ይሁን። እያንዳንዱ ችግር በአንድ ገጽ፣ በድርጅቱ ሰው አነጋገር ይጻፍ፤ ምን እንደሚባክን፣ ምን እንደሚያስወጣ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደ ተሞከረ ይገለጽ። ወደ ልምምድ የሚሄዱት ተማሪዎች ለዚህ መዝገብ መልካም ቃኚዎች ናቸው። የልምምድ ሪፖርታቸው ስለ ድርጅቱ አመሠራረት ከሚተርክ ይልቅ በሚገባ የተለካ አንድ ችግር ይዞ ቢመለስ፣ የቀጣዩ ዓመት ርእስ ፍለጋ ግማሹ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው በየደረጃው ሊከፋፈል ይችላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂው ይለካል፣ የማስተርስ ተማሪው መፍትሔ ይፈትናል፣ የዶክትሬት ተማሪው ለምን እንደ ሠራ ወይም ለምን እንዳልሠራ ያስረዳል።

ሁለተኛው በእያንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ለተረካቢው የሚጻፍ አጭር ምዕራፍ ነው። ዛሬ «ለወደፊት ጥናት የሚሆን አስተያየት» የሚባለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ሦስት አጠቃላይ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በእነርሱ ፋንታ ያልተጣራው መረጃ የት እንደ ተቀመጠ፣ የትኛው ሙከራ እንደ ከሸፈ፣ መሣሪያው እንዴት እንደ ተስተካከለ፣ በፋብሪካው የትኛው ክፍል እንደ ረዳ ቢጻፍ ተረካቢው ተማሪ ከሁለተኛው ወር መጀመር ይችላል። በጥራዝ ታትመው በቤተ መጻሕፍት የተደረደሩትና በኤሌክትሮኒክ ክምችት የተጫኑት ጥናቶችም አንባቢ የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ከድርጅቱ የመጣ አንድ ባለሙያ በመከላከያው ዕለት መገኘቱ ነው። ነጥብ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም፤ «ይህን ነገ ፋብሪካ ውስጥ ብናስገባው ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። ተማሪው ይህ ጥያቄ እንደሚጠብቀው ካወቀ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥናቱን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የመምህር ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በነጻ አይገኝም። የመምህራን ዕድገት በታተሙ ጽሑፎች ብዛት ላይ እስከ ተመሠረተ ድረስ፣ ለአምስት ዓመት አንድን ችግር የሚከታተል አማካሪ ከባልደረቦቹ ወደ ኋላ ይቀራል። መዝገቡን መያዝ፣ ግንኙነቱን ማዝለቅና ርክክቡን መምራት በሥራ ጫና ስሌት ውስጥ ካልገቡ፣ ሐሳቡ ጥቂት ቀና መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሸከሙት ይሆንና እነርሱ ሲዛወሩ አብሮ ይቆማል።

የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ርእሶቻቸውን ለትምህርት ክፍሎቻቸው የድኅረ ምረቃ ኮሚቴዎች የሚያቀርቡበት ቀን ሩቅ አይደለም። «ለኢንዱስትሪ ጠቃሚ» የሚል ርእስ በቀረበ ቁጥር ኮሚቴው ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ለመጀመር ይበቃል። ይህ ጥያቄ የማን ነው? ቀድሞ የሞከረው ተማሪ የት አደረሰው? ሲያልቅ የሚረከበው ማን ነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ተማሪ ወደ ሞጆም ሆነ ወደ ምጣድ ሠሪው ወርክሾፕ ሲሄድ፣ በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ይኖራል።